ወንዱ ጎል ሊያይ የሄደ ጊዜ

የዚያ ዓመት ሃገያ ሳይሰስት ዘነበ። ሃገያ በሞያሌ በኩል በጥቅምትና በኅዳር የሚመጣው አጭሩ ዝናብ ነው። ድርቁ ካለፈ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ በፈረንጅ ሁለት ሺህ ሁለት መሆኑ ነው። የጎልቦ ሜዳ ግመሎች ሻኛቸው ቆሞ፣ የቡቲዬ መንደር ፍየሎች መንታ መንታ እየወለዱ፣ አየሩ ራሱ ወተት ወተት ይል ነበር። ሰው ጠገበ። የጠገበ ሰው ደግሞ ኳስ ያምረዋል።

በኬንያዋ ሞያሌ ኳስ ማለት ወንዱ የሚባል ሰው ነበር። ተጫውቶ እንዳይመስላችሁ። መንግሥት ሲለወጥ ከነወታደር ካፖርቱ ድንበር የተሻገረ፣ የስደተኛ ጣቢያን ኑሮ የቀመሰ፣ ኋላም ከመኪና መቆሚያው ጎን ጎማ እየለጠፈ የቀረ ጎሚስታ ነው። የኢትዮጵያ ቡድን በተጫወተ ቁጥር ሃጂራ ሻይ ቤት ይገባና ሬዲዮኑን ጆሮው ሥር ይለጥፋል። ዐይኑን ይጨፍናል። ከዚያ በአማርኛ የሰማውን በኦሮምኛና በስዋሂሊ እየገለበጠ ለቤቱ ሁሉ ያወራል። የሚጨፍነው ለጉራ አልነበረም። በአንድ ጆሮ እየሰማ በሁለት ቋንቋ ለሚናገር ሰው ዐይን ትርፍ ነው፤ ከተገለጠ የሃጂራ ብርጭቆ፣ የመንገዱ አህያ፣ የሰው ጥርስ ሁሉ መሀል ገብቶ ኳሱን ይነጥቀዋል። ሲጨፍን ግን ሜዳው ከነሣሩ ይመጣለታል።

ታዲያ ስንት ጎል ሲያወራ ኖሮ አንዱንም አላየውም። ስታዲየም የሚባል ነገር ደጁን ረግጦ አያውቅም። ቡድኑ ለግጥሚያ ናይሮቢ ይመጣል የተባለ ዕለት፣ አፉ የማያርፈው ግመል ነጋዴው ቦርቶ ይህቺኑ ቁስል ነካት።

«አንተ ወንዱ፣ ላላየኸው ነገር ስትምል አታፍርም? በል ሂድና እይልን። ዐይናችን ሁን!»

«በምን ልሂድ? በክንፌ?»

«ጊደር አለችህ አይደለም እንዴ?»

ጊደሯ የእሱ አልነበረችም፤ የሚስቱ የፋናዬ ናት። ፋናዬ ጠዋት ጠዋት ለሾፌሮች ወተት ትሸጣለች። ላሟ አርጅታ ተስፋዋ ሁሉ ያቺ ጊደር ላይ ነበር። ወንዱ ሦስት ቀን ለመናት። ያገሩ ሰው ሁሉ ዐይናችን ብሎኛል፣ እንዴት ልቅር ሲላት፣ በአራተኛው ቀን ገመዱን ፈትታ ሰጠችው።

«ስማኝ ወንዱ፤ ይኼ በጊደሬ የተገዛ ጎል ነው። በዐይንህ አይተህ መጥተህ ለኔ ትነግረኛለህ። ካላየህ አልተመለስክም ማለት ነው።»

«ካላየሁ ዐይኔ ይፍሰስ!»

ጊደሯን የገዛት ነጋዴ ለናይሮቢ የሚጭን ነበርና ሁለቱም በአንድ ሎሪ ሄዱ፤ እሷ ከታች ከከብቶቹ መሀል፣ እሱ ከላይ ብረቱ ላይ ተንጠልጥሎ። በከብት ሎሪ ላይ ግማሽ ዋጋ ከፍሎ የሚሄድ ሰው ሥራ አለበት። ከብት ከተኛ ይረጋገጣልና፣ የተኛውን እየወረደ ጅራቱን ጠምዝዞ ማስነሣት አለበት። ሦስት ቀን ሙሉ አቧራውንም እበቱንም እኩል ጠጣ። ጊደሯም ሳትታረድ በመንገድ ላይ ተበላች። አንድ እግሯን ሎሪው ወሰደ። አንዱ በየኬላው ኪቱ ኪዶጎ፣ ትንሽ ነገር ጣል አድርግ፣ በሚሉት ሰዎች እጅ ቀለጠ። አንዱ በማደሪያና በምግብ አለቀ። በቀረው ቲኬት ቆረጠ፤ ጅራቷ ደግሞ ባለሦስት ቀለም ሻሽ ሆነች።

ስታዲየም ሲገባ ልብስ አልቀየረም፤ ቅያሬ የሚገዛበት የጊደር ብልት አልተረፈማ። አጠገቡ የተቀመጡት ያገሩ ልጆች አፍንጫቸውን እየያዙ አንድ በአንድ ራቁለት። ሰው እንደ አንበጣ ተነባብሮ ወንዱ ብቻውን ባዶ ወንበር ላይ ተንፈላሰሰ። የክብር እንግዶቹ እንኳ እንደሱ አልተመቻቸውም። ፊቱን የሚጋርደው አንድ ራስ የለም።

ጨዋታው ተጀመረ። ወንዱ ግን ግራ ገባው። ማንም ስም አይጠራለትም። ማን ለማን እንደሰጠ፣ ስንት ደቂቃ እንደቀረ የሚነግረው የለም። ራቅ ብሎ የተቀመጠውን ጎረምሳ፣ «ወንድም፣ አሁን ማን ነው የያዘው?» አለው።

«ጋሼ፣ ዐይን የለዎትም እንዴ?»

አፈረና ፊቱን ወደ ሜዳው መለሰ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ለኢትዮጵያ የማዕዘን ምት ተሰጠ። ሕዝቡ ተነሣ፤ ጩኸቱ እንደ ጎርፍ ከሩቅ መጣ። ወንዱም ተነሣ። ያን ጊዜ ዓመታት የለመደውን አደረገ። ዐይኑን ጨፈነ። ኳሷም ታየችው፤ ከቀኝ ተሻግራ፣ መሬት ነጥራ፣ የአንዱን ግራ እግር አግኝታ መረቡን ስትቀድ። ዐይኑን ሲገልጥ ተጫዋቾቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተከምረዋል። ሌላ ጎል ሳይገባ አለቀ።

ሞያሌ ሲመለስ ሃጂራ ሻይ ቤት ሞልቶ ጠበቀው። ቆሞ አወራ፤ በኦሮምኛ፣ በስዋሂሊ፣ በእጁም በእግሩም። ግራ እግር ላይ ሲደርስ ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

«ቆይ ቆይ» አለ ቦርቶ። «በግራ እግር? በቴስታ ነው የገባው!»

«አንተ ደግሞ ከየት አመጣኸው?»

«ከሚስትህ ነዋ!»

ለካ ወንዱ በሄደበት ተርጓሚ ጠፍቶ ሃጂራ ፋናዬን ከወተት መሸጫዋ ጠርታት ኖሯል። ኳስ የማትወደው ፋናዬ የወተት ጀሪካኗን እያጠበች፣ ዐይኗን እንደገለጠች፣ አንድ ቃል ሳትስት ጨዋታውን አድርሳላቸዋለች።

ሁሉም በሩ ላይ ወደ ቆመችው ፋናዬ ዞረ። ወንዱ መሬት መሬት አየ። እሷም፣ «ሬዲዮም ይሳሳታል» አለች። «ያየ ይናገር።»

ቤቱ አጨበጨበ። ሻይ በነፃ ሆነ። ወንዱም የሞያሌ ዐይን እንደሆነ አመሸ።

ቤት ሲገቡ ግን ጠየቀችው። «የት ነበርክ?»

ጎሉ ሲገባ ዐይኑን ጨፍኖ እንደነበር ነገራት። መሬት ላይ እስክትቀመጥ ሳቀች። ከዚያ ባዶውን ካስማ አየችና ሳቋን አቆመች።

«ጊደሬስ?»

«አሥራ አንድ ጊዜ ተኛች፤ አሥራ አንዴም አነሣኋት። ናይሮቢ በእግሯ ነው የገባችው።»

«እሷንስ አይተሃታል» አለች ፋናዬ።

ከዚያ ወዲያ ወንዱ ሬዲዮኑ ፊት ሲቀመጥ ዐይኑ አልከደን አለው። ካልጨፈነ ደግሞ መተርጎም አይሆንለትም። ወንበሩ የፋናዬ ሆነ። ሃጂራም ለሻይ ቤቷ የፋናዬን ወተት ትወስድ ጀመር፤ በሁለት ዓመቱ ፋናዬ ከቦሪ መንደር ሌላ ጊደር ገዝታ ነዳች። ገመዱን ወንዱ በማይደርስበት አሰረችው ይላሉ፤ ሐሰት ነው። እሱ ራሱ ነው አስሮ የሰጣት።

«ካላየህ አልተመለስክም» ያለችው ግን ከሆዱ አልወጣለትም። እሷ ረስታዋለች፤ እሱ ቤቱ ተቀምጦ መንገደኛ ሆነ። በፈረንጅ ሁለት ሺህ ስድስት ናይሮቢ ሌላ ግጥሚያ አለ ሲባል ምንም ሳይሸጥ፣ ጅራት ሊጠመዝዝ ተስማምቶ የከብት ሎሪ ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሞያሌን አልረገጠም፤ ለፋናዬ ግን ገንዘብ ይልክላታል፤ ወሬውን ሾፌሮች ያመጡላታል፤ ጎል አየ የሚል ወሬ ግን የለበትም።

የመጨረሻው ወሬ የመጣው በሁለት ሺህ ዘጠኝ ነው። ወንዱ በናይሮቢ መንገድ ላይ ባለችው ኢሲዮሎ ከተማ ነው፤ ሎሪዎች ከሚቆሙበት ሜዳ ዳር ጎማ ይለጥፋል።