አባቴን የገመገምኩ ለታ

ከሰፈሬ ከሲግናል የወጣሁ ለታ ማለዳ ሻንጣዬን እስከ ላምበረት መናኸሪያ የተሸከመልኝ አባቴ ነው። ልብ በሉ፣ በሰው ፊት ያዋረድኩት አባቴ። አውቶብሱ እስኪንቀሳቀስ ድረስ መስኮቱ ስር ቆሞ ጠበቀ። ይቅርታ ልጠይቀው ብዬ ቃሉ አፌ ላይ ሲደርስ ዋጥኩት። ሱዳንን፣ ባሕሩን፣ የስደተኛ ካምፑን ሁሉ አልፌያለሁ፤ ያ ቃል ግን እስካሁን ከጉሮሮዬ አልወረደም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ሃያ ዓመት የወረዳ ሠራተኛና የገዢው ፓርቲ አባል ነበር። ሥልጣኑ ወደ ሌሎች ሲዞር እኔ በደስታ አበድኩ፣ ከአዲሶቹ ጋር ገጠምኩ። ከዚያ ግምገማ ተጠራ፤ አዳራሽ ውስጥ የድሮዎቹ አባላት አንድ በአንድ እየቆሙ ጥፋታቸው ይዘረዘርባቸዋል። ተራው የአባቴ ሲሆን ጓደኞቼ ዞረው አዩኝ። እጄን አወጣሁ።

"የቀበሌ ቤት የሚያስሰጠው ለአባል ብቻ ነበር" አልኩ።

ውሸት አልነበረም። ግን ልጁ ነኝ እኮ! ተጨበጨበልኝ። በሳምንቱ ከሥራ ተባረረ፣ ጎረቤቱም ሰላምታ ነፈገው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ያጨበጨቡልኝ ሰዎች "የድሮው ሰው ልጅ" ብለው እኔኑ ገመገሙኝ። እስር ቤቱ ሲሸተኝ ተሰደድኩ።

አሁን ያለሁት ኖርዌይ ነው። አከራዬ ኡላ ይባላል፤ ሰባ ዓመት ያለፈውን ሽማግሌ አንተ ማለት እስካሁን ያሳቅቀኛል። እነሱ ኮሙነ የሚሉትን የከተማ አስተዳደር ለዓመታት የመራው እሱ ነበር፤ በዘንድሮው ምርጫ ፓርቲው ተሸነፈ። እኔ ሞኟ ዜናውን እንደሰማሁ ጥቁር ሻሽ አሰርኩ፣ ምስር ወጥ ሠራሁ፣ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው በሩን አንኳኳሁ።

"መቼ ነው የሚወስዱህ?" አልኩት በተሰባበረ ቋንቋዬ። "እስክትፈታ ቤትህን እጠብቅልሃለሁ።"

"ማን ነው የሚወስደኝ?"

"ያሸነፉት ናቸዋ።"

እጄን ይዞ ሳሎን አስገባኝ። አንዲት ሴት ሶፋው ላይ ተቀምጣ ኬክ ትበላለች። ያሸነፈችው እሷ ናት፤ የቢሮውን ሥራ ሊያስረዳት ጠርቷት ነው። ወጤን ቀምሶ በርበሬው እንባውን ሲያመጣው ሁለቱም ሳቁ። ሴትየዋ ሻሼን አየችና ማን እንደሞተብኝ ጠየቀችኝ። እዚያው ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። እኛስ እንዲህ መሆን እንዴት አቃተን?

ሰፈሩ ስለማያናግረው አባቴ ቀኑን ሙሉ የእንጦጦን ዳገት ብቻውን ሲወጣና ሲወርድ እንደሚውል እህቴ ነግራኛለች። ወደ ክፍሌ ገብቼ ደወልኩለት። ሰላምታውን እንኳ አላስጨረስኩትም።

"አባ፣ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ለተናገርኩት አፉ በለኝ።"

ያልሰማኝ መስሎኝ ደገምኩት።

"ልጄ፣ ስልክ ላይ ፖለቲካ አናውራ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ብርዱ እንዴት ነው?"

"ይበርዳል፣ አባ" አልኩት።