ሦስት ፕሮፎርማ ለአራት ድንክ ዶሮዎች

ሃያ ዓመት ሙሉ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ግዢ ክፍል የሠራ ሰው በራሱ ገንዘብ ቲማቲም እንኳ በሰላም መግዛት አይችልም። እኔን እዩኝ። አንዷ ሻጭ የነገረችኝን ሰምቼ ቦርሳዬን መክፈት ሲገባኝ እግሬ ወደ ሁለተኛዋ፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛዋ ይሄዳል። ከሦስት ቦታ ዋጋ ሳልሰበስብ ከገዛሁ ኦዲተር ከሽንኩርቱ ክምር ጀርባ ብቅ የሚል ይመስለኛል። ባለቤቴ ከእኔ ጋር ገበያ መውጣት ካቆመች ቆይታለች።

ይህን ያስቀደምኩት ስለ ዶሮ ቤቱ ስናገር ሰው እንዳይፈርድብኝ ነው። ቢፈርድብኝም ልክ ነው።

እናቴ ከደብረ ታቦር የመጣችው ዓይኗን ለመታከም ነበር። ሞራው ተነሣላትና ማየት ጀመረች፤ ካየችው ውስጥ ግን ደስ ያሰኛት ነገር ያለ አልመሰለኝም። አባቴ ካረፈ ሁለተኛ ዓመቱ ስለነበር አገር ቤት የሚጠብቃት ባዶ ቤት ነው። እኔ እዚሁ ካዛንቺስ ከእኛ ጋር እንድትቀር እፈልግ ነበር። እሷ ደግሞ "ፋሲካን ውዬ እሄዳለሁ" ብላ ቆርጣለች።

የምንኖረው በቀበሌ ቤት ነው፤ ሁለት ክፍል፣ ግቢውንና ማድ ቤቱን ከሌሎች አራት ቤተሰቦች ጋር የምንጋራው። ጠዋት እኔና ባለቤቴ ወደ ሥራ፣ ልጃችን ወደ ትምህርት ቤት ስንወጣ እናቴ በሩ ላይ ትቀመጣለች፤ ማታ ስንመለስም እዚያው ናት። ዕቃ ልጠብ ስትል "ተይው፣ አትድከሚ" እንላታለን። ሽንኩርት ልላጥ ስትል "ዓይንሽን!" እንላታለን። እኔ ይህ ሁሉ ማክበር መስሎኝ ነበር።

በዓቢይ ጾም መግቢያ ላይ አንዲት ጎረቤታችን ኮንዶሚኒየም ደረሳትና አራተኛ ፎቅ ልትገባ ሆነ። አራት ድንክ ዶሮዎች ነበሯት፤ ሦስት ሴትና አንድ አውራ፣ ቁመታቸው ከርግብ ብዙም የማይበልጥ። ፎቅ ላይ ይዛቸው መውጣት ስላልቻለች ለእናቴ ሰጠቻት።

እናቴ በአንድ ቀን ሌላ ሰው ሆነች። ከሁላችንም ቀድማ ትነሣለች፤ ከመኝታዬ ሆኜ አውራውን ስትሰድበው እሰማታለሁ። "ቁመትህ ስንዝር፣ ኩራትህ ክንድ!" ትለዋለች። ማታ ስንመለስ የምትነግረን ነገር ይኖራታል፤ የትኛዋ እንደጣለች፣ የትኛዋ ለመታቀፍ እያሰበች እንደሆነ። አንድ ሳምንት ሙሉ የመሄድን ነገር አላነሣችም። እኔ ግን ቀኑን እየቆጠርኩ ነበር።

ችግሩ ዶሮዎቹ የሚያድሩት በጋራው ማድ ቤት፣ በካርቶን ውስጥ መሆኑ ነው። የግቢያችን ትልቅ ሰው፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ጡረተኛ ነርስ፣ አንድ ጠዋት የድስታቸው ክዳን ላይ ኩስ አገኙ። ሥራ ልሄድ ስወጣ በር ላይ ጠበቁኝ።

"ስማ አንተ ልጅ፣ እናትህን አከብራለሁ። ግን የጾም ድስቴ ላይ ዶሮ ሲወጣ ዝም ብዬ አላይም። እስከ መድኃኔ ዓለም ቤት ትገዛላቸዋለህ፤ ያለዚያ ትሸጣቸዋለህ።"

"እሺ እትዬ፣ እርስዎ እንዳሉ" አልኩ።

እስከ መድኃኔ ዓለም ሁለት ሳምንት ከሦስት ቀን ነበረኝ። ዶሮዎቹ ከሄዱ እናቴም ተከትላቸው እንደምትሄድ አውቄዋለሁ። ጤነኛ ሰው ቢሆን በማግስቱ ወጥቶ አንድ ደህና ዶሮ ቤት ገዝቶ ይመጣል። እኔ ግን መስፈርት ማዘጋጀት ጀመርኩ።

ከመሥሪያ ቤት ባመጣሁት ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ አሰመርኩ፤ ጥንካሬ፣ ጽዳት፣ ቁልፍ፣ ቀለም፣ አጠቃላይ ገጽታ። ለእያንዳንዱም ነጥብ መደብኩለት። ከሁሉም የሚበልጠውን፣ አርባ ነጥብ፣ የሰጠሁት ለአጠቃላይ ገጽታ ነው። ምክንያቱን ዛሬ ብናዘዝ አይከፋም። የተወለድኩት በቀበሌ ቤት ነው፣ ያገባሁትም በቀበሌ ቤት፤ ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቤ ዕጣው ሌላውን ሁሉ እየጠራ እኔን ሲዘለኝ ዓመታት አልፈዋል። በዕድሜዬ ከቤትና ከቤት መካከል "ይሄኛው ይሻላል" ብዬ መርጬ አላውቅም። የዶሮም ቢሆን ቤት ነው።

"ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል" አለች ባለቤቴ ሠንጠረዡን አይታ።

ለእናቴ አልነገርኳትም። ድንገት ላስደስታት ነው ሐሳቤ።

መጀመሪያ ላንቻ ወደሚገኝ አንድ ብረት በያጅ ሄድኩ። ከበሩ ውጭ ተሠርተው ያለቁ የዶሮ ቤቶች ደርድሯል። እንደ ሰው "ስንት ነው?" በማለት ፈንታ "ፕሮፎርማ ልትሰጠኝ ትችላለህ?" አልኩት።

የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገ። "ለምኑ ነው ፋዘር?"

"ለዶሮ ቤቱ።"

"ማለቴ... ለድርጅት ነው?"

"ለእናቴ ነው።"

"በቃ እናትህ ከሆኑ ውሰድላቸው! ምን ፕሮፎርማ አስፈለገ?"

በመጨረሻ አዝኖልኝ የሲጋራ ፓኮ ገልብጦ ጻፈልኝ። ማኅተም ስለሌለው ሌሊቱን ከነከነኝና በሦስተኛው ቀን ተመልሼ ሄድኩ። ማኅተም እንደሌለው ነገረኝ። በሳምንቱ ደግሞ ቢያንስ ይፈርምልኝ ብዬ ሄድኩ።

ሁለተኛው ሰንጋ ተራ፣ ከአዲሶቹ ኮንዶሚኒየሞች ጀርባ የሚሠሩ ሽማግሌ አናጢ ናቸው። የሠሩት የዶሮ ቤት ቀለም ያልነካው ጣውላ፣ በሽቦ ወንፊት የተወጠረ፣ ሲያዩት የዕቃ ሣጥን ነው። ለአጠቃላይ ገጽታ ከአርባው ነጥብ ሦስት ሰጠሁት፤ ሦስቱንም የሰጠሁት ለሽማግሌው ዕድሜ ነው።

ሦስተኛውን መስቀል ፍላወር አገኘሁት፤ የግቢ ወንበርና ጃንጥላ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ። ባለ አንድ ፎቅ ነው። ጣሪያው ቀይ፣ ግድግዳው ነጭ፣ ተከፍቶ የሚዘጋ መስኮት፣ የሚወጡበት ደረጃ፣ ከፊቱም በረንዳ። በረንዳው ላይ ዓይኔን ተክዬ ብዙ ቆምኩ። እግሬን ዘርግቼ ጋዜጣ ሳነብ ታየኝ።

"ይሄ በቃ ቪላ ነው" አለኝ ልጁ።

"ቬንቲሌሽን አለው?" አልኩት። ለምን እንደጠየቅሁ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ማታ ራት ላይ ነጥቡን ስደምር ባለቤቴ "ኮሚቴው ይፍጠን፣ ሽሮው እየቀዘቀዘ ነው" ትላለች። ቪላው በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። ለመድኃኔ ዓለም ሁለት ቀን ሲቀረው ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ፖርቶ መጋላ ላይ አስጭኜው ወደ ካዛንቺስ ጉዞ ጀመርኩ። መብራት ሲያስቆመን የእግረኛ መንገድ ላይ የቆሙ ወጣቶች "ጋሼ፣ ዕጣው ወጣልህ እንዴ?" ብለው ሳቁብኝ። እኔም ሳቅኩ። ውስጤ ግን ኮርቶ ነበር።

ግቢው ሁሉ ወጥቶ ተሰበሰበ። እትዬ "ዶሮዎቹ ካልፈለጉት እኔ እገባበታለሁ" አሉ። እናቴ አንድ ጊዜ ዞረችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ በበሩ እጇን አስገባችና ውስጡን ወደ ላይ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ዳሰሰች። እጇን አውጥታ በቀሚሷ ጠረገች።

"ተባረክ ልጄ፤ ያምራል" አለች።

እኔ ይህን እንደ ርክክብ ሰነድ ፊርማ ወሰድኩት።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ዶሮዎቹ ቪላውን አንድ ጊዜ ዞረው ተዉት። አውራው ቀዩ ጣሪያ ላይ ወጣ፣ ከጣሪያው ወደ ልብስ ማስጫ ገመድ ዘለለ፣ ሦስቱም ተከተሉት። ገመዱ ላይ እትዬ ለመድኃኔ ዓለም አጥበው ያሰጡት ነጠላ ነበር። አንድ በአንድ እየያዝኩ በበሩ አስገባኋቸው፤ እነሱ በዚያ ባማረው መስኮት ወጡ። መስኮቱን ስዘጋው ወለሉ ላይ ተጠጋግተው ይንጫጩ ጀመር። እናቴ በሩ ላይ ቆማ አየችኝና ገባች።

ጠዋት ስነሣ ልብሷን እያጣጠፈች ሻንጣዋ ውስጥ ትከታለች።

"እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"ፋሲካን እዚያው አገሬ ልዋል ብዬ።"

"ዶሮዎቹስ?"

"ቤት ገዝተህላቸው የለ? አንተ ታውቅበታለህ።"

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። "ቤቱ ምን ጎደለው?"

"ቆጥ የለውማ ልጄ። ዶሮ ወጥታ የምታድርበት እንጨት ካላገኘች መሬት ላይ እንቅልፍ አይወስዳትም። ልጅ ሳለህ እንኳ ታውቀው ነበር።"

"ታዲያ ትናንት ለምን አልነገርሽኝም?"

"መች ጠየቅኸኝ?"

አንድ ቀሚስ አጣጠፈች፤ ፈታችና እንደገና አጣጠፈችው። "ስድስት ልጅ አሳድጌአለሁ፤ የዶሮውንማ ቁጥር አላውቀውም። እዚህ ቤት የምጠየቀው ግን 'በላሽ ወይ? ጠጣሽ ወይ?' ብቻ ነው። በልቶ መዋልማ ዶሮም ይውላል።"

በእኛ መሥሪያ ቤት ማንኛውም ግዢ የሚጀምረው ዕቃውን የሚገለገልበት ክፍል ምን እንደሚያስፈልገው ጽፎ ሲልክ ነው። ያ ወረቀት ከሌለ ፋይል አይከፈትም። ሃያ ዓመት ሙሉ የስንቱን ኃላፊ ፋይል "ተጠቃሚው ክፍል አልተጠየቀም" እያልኩ መልሼአለሁ። በዚህ ግዢ ተጠቃሚው ክፍል በየቀኑ በቤቴ በር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እኔ "እንዴት አደርሽ" እያልኩ አልፌው እሄዳለሁ። አፈርኩ። ስለ ቪላው አይደለም ያፈርኩት፤ ስለ በሩ ነው።

"ዛሬ ሥራ አልሄድም" አልኳት። "ነገ መድኃኔ ዓለም ነው። አብረሽኝ ሂጂና አንቺ ምረጪ።"

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አጣፋች፣ ወጣችና ከሦስቱ ትንሿን ዶሮ ብብቷ ሥር ይዛ ተመለሰች።

"እሷን ምን ልታደርጊያት ነው?"

"ቤቱን ታየው እንጂ! የምታድርበት እሷ አይደለችም?"

ሚኒባሱ ውስጥ ዶሮዋ ከነጠላው አንገቷን አውጥታ ሰዉን ታያለች። ረዳቱ "እማማ፣ እሷም ሒሳብ አለባት" አለ። እናቴ "ስታድግ ትከፍልሃለች" አለችው። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እናቴን በሰው መሃል እንዲህ ስትመልስ ከሰማኋት ስንት ዘመኔ!

ሰንጋ ተራ ሽማግሌው አናጢ ጋ ደረስን። እናቴ ያንን እኔ ከአርባው ሦስት የሰጠሁትን ቤት በጣቷ አንኳኳች፣ ወንፊቱን ጎተተች፣ ሸለምጥማጥ እጁን የሚያሾልክበት ቀዳዳ እንዳለ ፈተሸች፤ በመጨረሻ እስከ ትከሻዋ ገባችበት። ከውስጥ ድምጿ ይሰማል።

"ቆጡስ ወፍራም ነው! የድንክ እግር ይሄን አይጨብጥም። አውራ ጣቴን የሚያክል ያድርጉልኝ።"

"እውነትዎን ነው፤ ድንክ ናት ያለኝ የለም" አሉ ሽማግሌው እኔን እያዩ።

እንጨቱን እዚያው ላጉት። እናቴ ዶሮዋን ቆጡ ላይ አስቀመጠቻት። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን ጠበቅን። ዶሮዋ ተንገዳገደች፣ ክንፏን ዘረጋች፣ ከዚያ ጣቶቿን ቆለፈችና ላባዋን ነፍታ ቁጭ አለች።

"በቃ" አለች እናቴ። ግምገማው አለቀ።

ቪላውን ባለቤቴ የሽንኩርትና የድንች ማስቀመጫ አደረገችው። ቬንቲሌሽኑ ጥሩ ነው ትላለች።

ከሰዓት በኋላ ሣጥን መሳዩን ቤት ታቅፌ ግቢ ገባሁ። እናቴ ከፊቴ እየሄደች ታዘኛለች። "ወደዚህ! አይ፣ ወደ ግድግዳው! አንሣው እንጂ፣ አትጎትተው!" ከመጣች ጀምሮ አንድም ቀን አዝዛኝ አታውቅም። ጎረቤት እያየኝ፣ ፀጉሬ ሸብቶ፣ እንደ ሕፃን እሯሯጣለሁ፤ ደስ ብሎኛል።

"እዚህ ይሁን?" አልኩ ቤቱን እንደተሸከምኩ።

ቀና ብላ የጣሪያውን ቆርቆሮ ጠርዝ አየች። "ለአሁኑ ደህና ነው። ክረምት ሲገባ ግን ከዚያ የሚወርደው ውሃ ያገኘዋል። ሐምሌ ላይ ወደዚያ ማዶ እናዞረዋለን።"

ሐምሌ። እናዞረዋለን። ሁለት እጄ ቤቱን ስለያዘ ዓይኔን መጥረግ አልቻልኩም።

"ምን ገትሮ ያቆምሃል?" አለች እናቴ። "አስቀምጠው እንጂ!"