ከወንበር ኋላ የተጣለው ማሞቂያ

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ማሾ ስለቅም ትግስት ደወለች። ትግስት ልጄ ናት፤ ደብረ ብርሃን ላይ የምንጣፍ አጠባ ሥራ ልትጀምር ነው። እንደኛ ዘመን በባልዲና በብሩሽ እንዳይመስላችሁ። አንዲት ትንሽ የጭነት መኪና ገዝታ፣ ማጠቢያውን ሁሉ ኋላዋ ላይ አስገጥማ፣ ሰው ቤት ድረስ እየሄደች ልታጥብ ነው። ፓምፑ ተገኝቷል፤ ውሃ መጣጩም ተገኝቷል። የቀራት የውሃ ማሞቂያው ነው።

"እማዬ፣ ሦስት ዓይነት አሳዩኝ" አለችኝ። "በናፍጣ የሚነድ አለ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ አለ፣ ደግሞ ሙቀቱን ከመኪናው ከራሱ ሞተር የሚወስድ አለ። ግራ ገባኝ። የቱ ይሻለኛል?"

ሰፌዱን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ሳቄን ለቀቅሁት።

"ምን ያስቅሻል? የምሬን ነው እኮ!"

"ቆይ፣ መልሼ እደውልልሻለሁ" አልኳት። ያንን ጥያቄ ለመመለስ በሐሳቤ ከሸዋ ሮቢት ተነስቼ፣ አርማኒያን አልፌ፣ ጉሙን ሰንጥቄ፣ ደብረ ሲና ድረስ መውጣት ነበረብኝ።

ያኔ ሃያዎቹን ገና መጀመሬ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ፣ አውራ ጎዳናው ዳር ካለ አንድ ሆቴል ክፍል አጸዳ ነበር። የሮቢትን አቧራ የማያውቅ ሰው ምንጣፍ ማጽዳት ምን እንደሆነ አያውቅም። ከደሴ የመጣው ሹፌር፣ ሽንኩርት ሊጭን የወረደው ነጋዴ፣ ሁሉም አቧራውን በጫማው ይዞ ይገባና እኔ ምንጣፍ ላይ ያራግፈዋል። ማንም አላስተማረኝም፤ የትኛው ቆሻሻ በምን እንደሚለቅ በጣቴ እየነካሁ፣ እያሸተትኩ ነው የለየሁት። ሆቴሉ ከስሮ ሲዘጋ እመቤቲቱ ምንጣፍ ሳጥብበት የነበረውን ውሃ መጣጭ ማሽን "ከሌላ ሰው እጅ ገብቶ ከሚበላሽ አንቺው ታውቂበታለሽ" ብለው መረቁልኝ።

ማሽኑን ይዤ ቤት ስገባ ግን አንድ ሌላ ነገር ይጠብቀኝ ነበር። ፓስፖርቴ ወጥቷል። የሰፈራችን ልጃገረድ ሁሉ ተራ በተራ ወደ አረብ አገር እየሄደች ነበርና የኔም ተራ ደርሶ ነው። አባዬ ፓስፖርቱን ሳጥኑ ውስጥ፣ ከእናቴ ነጠላ ሥር አስቀመጠው። እናቴ ካረፈች ቆይታለች። መሄድ አልፈለግሁም። "አልሄድም" ለማለት ግን "ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" ለሚለው መልስ ያስፈልጋል።

መልሱን ያገኘሁት ግቢያችን ውስጥ ነው። አባዬ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመላልስባት አሮጌ ፒክአፕ ነበረችው። ከሮቢ ወንዝ ለመስኖ ውሃ የሚስብበት ፓምፕም ነበረው።

"አባዬ፣" አልኩት አንድ ቀን ራት ላይ፣ "ፓምፑን መኪናዋ ላይ ብንጭነው፣ በርሜል ብንጨምርበት፣ እኔ ደግሞ ማሽኔን ብይዝ፣ በየሰዉ ቤት እየዞርን ምንጣፍ ብናጥብስ?"

ጉርሻውን እጁ ላይ እንደያዘ አየኝ። "መሬት ላይ የተቸነከረውንም?"

"እሱን ነው እንጂ! የሚነሳውንማ ወንዝ ወስደው ያጥቡታል።"

ሐሳቡን ወደደው። ነገር ግን ምንጣፍ ያለ ሙቅ ውሃ አይሆንም፤ ስብ ይይዛል፣ ወጥ ይይዛል። በምን እናሙቀው በሚለው ላይ ምክር ተቀመጥን። ምክር ስል እኔ፣ አባዬና ጎረቤታችን ጋሽ ኑሩ ማለቴ ነው። ጋሽ ኑሩ ብረት በያጅ ናቸው፤ ካባዬ ጋር ከልጅነት አብሮ አደግ ስለሆኑ ሲሰዳደቡ ካልሰማችሁ ተጣልተዋል ማለት ነው።

እኔ ቀድሜ "መኪናዋ ላይ በርሜሉ ሥር እንጨት ብናነድስ?" አልኩ።

"ወላሂ ጥሩ ነው" አሉ ጋሽ ኑሩ። "ቤንዚን ታንከሩ አጠገብ አንድዱት። ምንጣፉንም እናንተንም ባንድ ጊዜ እንገላገላለን።"

"በኤሌክትሪክስ?"

"መብራት የሚመጣው አንቺ ስትተኚ ነው።"

ከዚያ ጋሽ ኑሩ ፊታቸውን ወደ መኪናዋ መለስ አደረጉና አባዬን ጠየቁት። "ደምሴ፣ ይቺ መኪናህ አቀበት ባየች ቁጥር ትፈላ የለ? የፈላ ውሃ ይዘህ እየዞርክ ምን ሙቅ ውሃ ትፈልጋለህ? ያቺ የነቀልካት የካቢን ማሞቂያ የት አለች?"

ይህን ላስረዳችሁ። መኪና ሲሠራ የብርድ አገር ሰውም ታስቦ ነውና ከሹፌሩ እግር በላይ አንዲት የመዝገብ ያህል ትንሽ ራዲያተር ትገጠማለች። የሞተሩ ሙቅ ውሃ እሷ ውስጥ ይዞርና ሹፌሩን ያሞቀዋል። አባዬ መኪናዋን በገዛበት ሳምንት እሷን ነቅሎ፣ ቱቦዎቹን በቡሎን ደፍኖ፣ "ብረት ነው፣ አይጣልም" ብሎ ከወንበሩ ኋላ በጆንያ ጠቅልሎ ወርውሯታል። ሮቢት ላይ ይህን ያላደረገ ሹፌር አልነበረም።

"ሞተሬን አትነኩም!" አለ አባዬ። የመኪናዋን መፍላት ሰው ሲያነሳበት ደሙ ይፈላ ነበር። "ይልቅ ፀሐይ ምን ሆነች? በርሜሉን ጥቁር ቀብተን ካቢኑ ላይ ብንሰቅለው ከሮቢት ፀሐይ የበለጠ ምን ማሞቂያ አለ?"

በዚህ ተስማማን። በርሜሉን ጥቁር ቀባነው፤ ጋሽ ኑሩ በብረት እግር አቆሙት። ረፋዱ ላይ ውሃው ጣት ያቃጥላል። ሰፈር ውስጥ አጠብን፤ ለረመዳን ደግሞ የመስጊዱን ምንጣፍ አጠብን፤ ሰው አመሰገነ። አቧራው፣ ዘይቱ፣ ቅቤው ሁሉ ይለቃል። ለነገሩ ሮቢት ላይ ቅቤ ዓመቱን ሙሉ ቅል ውስጥ እንደ ውሃ እየዋለለ ነው የሚኖረው፤ ሲረጋ አይተነው አናውቅም።

ሁዳዴ ሊገባ ሲል ከደብረ ሲና ጥሪ መጣ። እትዬ ሸዋዬ የሚባሉ ትልቅ ሴትዮ ልጃቸውን ድረዋል፤ ሳሎናቸው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተቸነከረ ምንጣፍ ነበረውና ሚዜውና ዘፋኙ ሲረግጠው አድሯል። እሁድ መልስ ነው። እስከዚያ ይጽዳልኝ አሉ። ዘመዶቻቸው መንገዱን ይዘው እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ ትልልቅ ቤት ያላቸው ናቸው፤ እሳቸው ካመሰገኑ ሥራ ሞላ ማለት ነው።

ሐሙስ ማለዳ ልንነሳ ስንል አባዬ መሪውን እንደያዘ "እንግዲህ አስካል፣ በዚህ ይለይልን" አለኝ። "ከተሳካ ትቀሪያለሽ፤ እኔም ሹፌርሽ ነኝ። ካልተሳካ ግን በተስፋ ብቻ አልይዝሽም። እኩዮችሽ ቤት ሠሩ።"

መሃላችን የተቀመጡት ጋሽ ኑሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ገና ጎሕ ሲቀድ ነው የወጣነው፤ ፀሐይዋ ደብረ ሲና ላይ ታሞቅልናለች ብለን። የሽንኩርቱ ማሳ፣ የማሽላው አገዳ፣ ማንጎው እያለፈ እያለፈ ሄደ። አርማኒያ አካባቢ አየሩ ተለወጠ፤ ጋሽ ኑሩ ሽርጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣሉ። አቀበቱ ሲበረታ መኪናዋ እንደ ልማዷ ፉጨት ጀመረች። ቆምን። አባዬ ኮፈኑን ከፈተ፤ እንፋሎቱ ፊቱን ሸፈነው። ከበርሜላችን ቀድቼ ስሰጠው እጄ ደነገጠ፤ ውሃው የምንጭ ውሃ ሆኗል።

"ፀሐይ ስትወጣ ይሞቃል" አለ አባዬ።

ደብረ ሲና ስንደርስ ፀሐይ ቀርቶ ከፊታችን ያለው ቤትም አይታይም። ጉሙ ከጣርማ በር ተራራ ወርዶ መንገዱ ላይ ተኝቷል። ቆሎ ሻጮቹ ድምፃቸው ይመጣል እንጂ መልካቸው የለም። እትዬ ሸዋዬ በራቸው ላይ ጋቢ ደርበው ቆመዋል፤ እኛ ደግሞ መኪናዋ አጠገብ ሦስታችንም ወደ ሰማይ እያየን።

"ምን ትጠብቃላችሁ?" አሉን።

"ፀሐይ" አለ አባዬ።

"የትኛዋን ፀሐይ? ጉም ከገባብን ሰነበተ እኮ! እናንተ ቆለኞች፣ ፀሐይን ቀጥራችኋታል እንዴ?"

ገብቼ ምንጣፉን አየሁት። ሙሽሮቹን ቅቤ ሲቀቡ፣ ዘፋኙም ተቀብቶ ሲጨፍር የወረደው ሁሉ ምንጣፉ ላይ ረግቶ እንደ ሰም ሆኗል። በዕድሜዬ ድንጋይ የሆነ ቅቤ ያየሁት ያን ቀን ነው። በቀዝቃዛው ውሃ ብሞክረው ይባስ ነጥቶ ተዘረጋ። ማጀት ሮጬ አንድ ድስት የፈላ ውሃ ለመንኩ፤ ያፈሰስኩበት ቦታ ወዲያው ለቀቀ። ሁለተኛ ስጠይቅ ግን ወጥ ሠሪዎቹ "ምድጃው ለመልሱ ነው፤ አንቺ ልትቀቅይን ነው የመጣሽው?" ብለው አባረሩኝ።

እትዬ ሸዋዬ ነጭ የሆነውን ቦታ አይተው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "አጽዱልኝ አልኩ እንጂ ለስኑልኝ አልኩ? እስከ ማታ እንዲህ ከሆነ ሌላ ሰው አስመጣለሁ።"

አባዬ ወደ እኔ ተጠጋ። እኔን ብቻ ቀስ ብሎ "አይዞሽ። የወጣ ፓስፖርት አለ" አለኝ። ለማጽናናት ነው ያለው፤ እኔን ግን እንደዚያ ያቆሰለኝ ቃል የለም።

እንባዬ እንዳይታይ ወጣሁ። ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ገብቷል፤ ሳላስበው ጀርባዬን መኪናዋ ኮፈን ላይ ለጠፍኩ። ሞቀኝ። ከቆምን ስንት ጊዜያችን፣ አሁንም እንደ ምድጃ ድንጋይ ትሞቃለች። ሰማይ ሰማይ ስናይ የነበርን ሰዎች እሳቱን ይዘነው ነው የመጣነው!

"ጋሽ ኑሩ!" ብዬ ጮህኩ። "ያቺ ከወንበሩ ኋላ ያለችው ማሞቂያ! በርሜሉ ውስጥ ብንነክራትና ከሞተሩ ጋር ብናገናኛትስ? ይሆናል ወይ አንቱ?"

ጋሽ ኑሩ ቆሎ እየቆረጠሙ ነበር፤ መቆርጠማቸውን አቆሙ። "ሱብሃነላህ! እኔ በቀልድ ያልኩትን ይቺ ልጅ በእውን ታመጣዋለች።"

"ሞተሬን!" አለ አባዬ።

"ዝም በል አንተ! ብርድ አስይዘህ ልትገድላት ነው ወይስ አረብ አገር ልትሰዳት? አንዱን ምረጥ።"

አባዬ ለጥቂት ጊዜ ኮፈኑን፣ ከዚያ እኔን አየ። ከዚያ ራሱ ወንበሩን ገለበጠው።

ማሞቂያዋ ስትወጣ አይጥ ጆንያውን በልታው ነበር፤ እሷ ግን ደህና ናት። ጋሽ ኑሩ ቡሎኖቹን ፈቱ፤ ከፓምፑ ትርፍ ቱቦ ቆርጠው በሽቦ ጠፍንገው አሰሩ። ከእትዬ ሸዋዬ ጓሮ ግማሽ በርሜል ተዋስን፤ ውሃ ሞልተን ትንሿን ራዲያተር ጣልንበት። የሞተሩ ውሃ በውስጧ ይዞራል፣ ከምናጥብበት ንጹህ ውሃ ጋር አይገናኝም፣ ሙቀቱን ብቻ አስረክቦ ይመለሳል። አባዬ ሞተሩን አስነስቶ ነዳጅ ረገጠ። እኔ እጄን በርሜሉ ውስጥ አድርጌ ቆምኩ። መጀመሪያ ምንም። ከዚያ ከሥር ቀስ ብሎ፣ እንደ ጡት ወተት ለብ አለ። ከዚያ እጄን አወጣሁ።

እትዬ ሸዋዬ አላመኑም። ጣታቸውን ነክረው "ውይ!" ብለው አወጡና ጣታቸውን እየነፉ ሳቁ። "ግቡ፣ ግቡ፣ ምን ቆማችኋል!"

ቅቤው እንደ ሮቢት ቅቤ ቀለጠ። እኔ በብሩሽ እየፈተግሁ፣ ጋሽ ኑሩ ውሃ እያመላለሱ፣ ማሽኑ እየመጠጠ፣ የምንጣፉ ቀይ አበባ ብቅ አለ። አባዬ ከመሪው አልተነሳም። በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ "አስካል! ይቺ መኪና እኮ ስትሠራ ውላ አልፈላችም!" አለኝ፤ ድምፁ ላይ ልጅ የወለደ ሰው ደስታ ነበር። ሙቀቷን በርሜሉ እየወሰደላት እንዴት ትፈላ?

እትዬ ሸዋዬ ለኛ ከመልሱ ወጥ አስቀመሱን። ለጋሽ ኑሩ ሥጋው አይሆንም ብለው ማርና ትኩስ ቆሎ አቀረቡላቸው። ስንወጣ እኔን ጉንጬን ስመው "እህቴ ደብረ ብርሃን ናት፤ የሷ ምንጣፍ ከኔ ይብሳል" አሉኝ።

ስንወርድ ፀሐይ ልትጠልቅ ምንም አልቀራትም። ከአርማኒያ በታች ጉሙ ተገፈፈና ያ የሚታወቀው የቆላ ሙቀት በመስኮቱ ገባ፤ የአገዳና የአቧራ ሽታ ይዞ። አባዬ መስኮቱን እስከ ታች አወረደው።

"ሙቀቱ ደስ አለሽ?" አለኝ።

"ደስ አለኝ።"

"እንግዲያው ኑሪበት" አለና ማርሹን ቀየረ። ስለ ፓስፖርቱ ከዚያ በኋላ አንስቶት አያውቅም።

አሁን አባዬም ጋሽ ኑሩም የሉም። መኪናዋም ብረቷ ተሽጦ አልቋል። ማታ ላይ ለትግስት ደወልኩላትና ይህን ሁሉ ነገርኳት። ከዚያ ወደ ጉዳይዋ ገባሁ። "የደብረ ብርሃን መብራት ካመንሽው የኤሌክትሪኩ ቀላል ነው። የናፍጣው ቶሎ ያሞቃል፤ ግን ሌላ እሳት ይዘሽ መዞርሽን አትርሺ። እኔን ካልሽ ከሞተሩ የሚወስደውን አድርጊ። ማለዳ ሞተሩ እስኪሞቅ ግን ታገሺ፤ ቅቤ የረጋበት ቤት በቀዝቃዛ ውሃ አትጀምሪ። ደግሞ የምታጥቢበትን አገር ብርድ አስበሽ ምረጪ እንጂ የተወለድሽበትን አገር ፀሐይ አስበሽ አትምረጪ።"

እሷ ግን ሌላ ጠየቀችኝ። "እማዬ፣ ያን ቀን ጀርባሽ ባይበርድሽ ኖሮ እኔ የት ነበር የምወለደው?"

ሳቅሁና ስልኩን ዘጋሁ። ማሾዬን ወደ መልቀም ተመለስኩ። እሁድ መኪናዋን ልታሳየኝ ሮቢት ትወርዳለች። መጀመሪያ እሷን እንደምስም ወይ ኮፈኑ ላይ እጄን እንደማሳርፍ እንጃ።