እዚያ ማን አላችሁ?

የኢትዮጵያን ካርታ ዓይኔን ጨፍኜ እስላለሁ። ይህን የምለው ለጉራ ብቻ አይደለም፤ እንጅባራ ውስጥ ሃያ ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር ተማሪዎቼ ደጋግመው ፈትነውኛል። ጀርባዬን ለሰሌዳው ሰጥቼ፣ እጄን ወደ ኋላ አዙሬ ስምጥ ሸለቆን ከነሐይቆቹ አስምሬ አውቃለሁ። ይጨበጨብልኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣችና፣ «መምህር፣ አዋሽ ሙቀቱ እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ይፋጃል!» አልኳት፤ ሹራብ ላይ ካፖርት ደርቤ፣ የሚፈስ አፍንጫዬን በመሐረብ ይዤ። እስከዚያ ቀን ድረስ እግሬ የረገጠው የመጨረሻው ደቡብ ደብረ ማርቆስ ነበር፤ እሱም ለሦስት ቀን ሥልጠና።

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። ስንተጫጭ ምን እንደምትፈልግ ብጠይቃት ወርቅም ቀሚስም አላለችም። «ግመል ማየት እፈልጋለሁ» አለች። ልጅ ሳለች ዳንግላ በተማረችበት ክፍል ግድግዳ ላይ ሥዕል ያለበት የፊደል ገበታ ተሰቅሎ ነበር። በጉን፣ ፈረሱን፣ ዶሮውን ታውቃለች፤ ግመሉን ግን በዓይኗ አይታው አታውቅም። አንበሳውንም አላየችም፤ «እሱ ይቅርብኝ» ትላለች። ግመሉን የምትፈልገው ደግሞ ባገሩ፣ በሜዳው ሲሄድ ነው። ቃል ገባሁላት። ለጂኦግራፊ መምህር ይህን ቃል መግባት ምን ያቅተዋል፤ ካርታው ላይ አራት ጣት የማይሞላ መንገድ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ልጆች ወልደን አሳደግን፣ ቤት ሠራን፣ ጣሪያው ዝጎ ሌላ ቆርቆሮ አለበስነው። ግመሉ ባለበት አለ።

አምና ያጋማሽ ዓመት እረፍት ሲቃረብ መንገዱ ክፍት ነው ተባለ። በዚህ ዘመን መንገድ ክፍት ነው ከተባለ ሰው ነገ ከነገ ወዲያ አይልም። የባለቤቴ እህት ልጆቹን ልትይዝልን ተስማማች። ባለቤቴ የደንበኞቿን ልብስ ሁሉ ሰፍታ አስረከበች፣ አዲስ ሥራ መቀበል አቆመች፣ ለራሷም ለቆላ የሚሆን ስስ ቀሚስ ሰፋች። «አሁን ካልሆነ አይሆንም» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ እኔም ነገሩ ገብቶኝ በቀጥታ ሱቅ ሄድኩና ካሬ ደብተር ገዛሁ።

ሌላ ሰው መናኸሪያ ሄዶ ይጠይቃል። እኔ አራት ዓይነት ቀለም ያለው እስክሪብቶ ይዤ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። አሥራ ሁለት ቀን ነበረን። በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በማርቆስ አድርገን ዓባይን ተሻግረን አዲስ አበባ፤ ከዚያ አዳማ፣ አዋሽ፣ ድሬዳዋ፣ ሐረር፤ በመልሱ ሐይቆቹን ማየት። ለየከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ያለውን ከፍታና የአየር ጠባዩን ጻፍኩ። ወንዞቹን በሰማያዊ አሰመርኩ። የት እንደምናድር ግን አንድ መስመር አልነበረም፤ አውቶቡሱ በስንት ሰዓት እንደሚነሣም አልጻፍኩም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ ሞኙንም ወረቀቱንም ሆኜ ሦስት ቀን አሳለፍኩ።

እኛ ዘንድ ያለ ምርቃት ሩቅ መንገድ አይኬድም። ቅዳሜ ዕለት ዳንግላ፣ የባለቤቴ አባት አማቼ ዘንድ ሄድን። አማቼ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጋሪ የነዱ ሰው ናቸው፤ ከመናኸሪያ ገበያ፣ ከገበያ መናኸሪያ። አሁን ጋሪውን ትተዋል። ፈረሱን ግን አልሸጡትም፤ እሱም አብሯቸው ጡረታ ወጥቶ ግቢው ውስጥ ተቀምጧል። የተቀቀለ ድንች ባዋዜ አቀረቡልን። ባለቤቴ የታመመች ጎረቤት ልትጠይቅ ብቅ ስትል፣ እኔ እጄን ጠርጌ ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ ዘረጋሁና እንደ ክፍል ውስጥ ድምፄን አስተካክዬ ጀመርኩ።

«መጀመሪያ በፍኖተ ሰላም እናልፋለን።»

«እዚያ ማን አላችሁ?» አሉኝ።

ይህ ጥያቄ ለሌላ አገር ሰው ቀላል ሊመስል ይችላል። እኛ አገር የከተማ ስም ሲጠራ «ምን አለ?» ተብሎ አይጠየቅም። «ማን አለ?» ነው የሚባለው። ሰው ያለበት ከተማ አገር ነው፤ ሰው የሌለበት መንገድ ነው። እኔ ስለ ደጋና ወይና ደጋ ላብራራ አፌን ሳሟሽ፣ አማቼ መልሱን ራሳቸው ሰጡ።

«የእህቴ ልጅ አለች። ደጇን ልታልፉ ነው?»

«አይ፣ ብቅ እንላለን። ከዚያ ማርቆስ…»

«የወንድሜ ልጅ።»

«አዲስ አበባ…»

አራት ቤት ቆጠሩልኝ፤ አንዱ ከከተማው ወዲህ ጫፍ፣ አንዱ ከወዲያ ጫፍ። አዳማ ላይ ትንሽ አሰቡና ወፍጮ ቤት ያለው ያጎታቸውን የልጅ ልጅ አገኙ።

«ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ነው ልጄ» አሉ። «ዘመድ እያለ ሆቴል ማደር ተጣልተናል ብሎ ማወጅ ነው።»

«አንዳንድ ቀን እናድራለን።»

«አንድ ቀን?» ፈረሱም ቀና ያለ መሰለኝ። «አንድ ሌሊት አድሮ የሚሄድ ፖስተኛ ነው። መጀመሪያ የመጣ እንግዳ ሁለት ሌሊት ያድራል።»

«ከዚያ አዋሽ እንሄዳለን» አልኩ፣ ድምፄ እያነሰ።

«እዚያስ ማን አላችሁ?»

«ማንም።»

«እንግዲያ ምን ልታደርጉ ትሄዳላችሁ?»

መልሱ «ግመል ልናይ» ነበር። ግን ጢሙ የሸበተ መምህር፣ ሽማግሌ ፊት ተቀምጦ፣ «ግመል ለማየት ነው የምሄደው» እንዴት ይላል? ደብተሩን አጠፍኩና ድንች አነሣሁ።

ስንመለስ ሚኒባሱ አዲስ ቅዳም ከተማ ደርሶ፣ ረዳቱ ጣሪያው ላይ ከሰል ሲጭን ስልኬ ጮኸ። ከማርቆስ ነው። «እንኳን ደስ ያለን! በግ ገዝተን አስረናል!» አለኝ አንድ በድምፅ እንኳ የማላውቀው ሰው። አማቼ ለካ ገና ከግቢው ሳንወጣ መደወል ጀምረዋል። በግ የታሰረበት ቤት ደግሞ አይቀርም፤ ቢቀሩ በጉ ሳይሆን የቀረው ሰው ስም ነው የሚታረደው። እንጅባራ እስክንገባ ፍኖተ ሰላም የኛን አገር ድንች፣ አዲስ አበባ ቅቤና ማር አዘዙኝ። አዳማ ሁለተኛውን በግ አሰረ። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ ሁሉንም ትሰማ ነበር።

ደብተሩን እንደገና ጻፍኩት። ፍኖተ ሰላም ሁለት ሌሊት፣ ማርቆስ ሁለት፣ አዲስ አበባ በልመና ለየቤቱ አንዳንድ፣ አዳማ ሁለት፣ የቀረው ለመንገድ። ደምሬ ሳየው ኢትዮጵያ አዳማ ላይ አለቀች። ከዚህ እስከዚያ የምናርፍባቸው ቤቶች ሁሉ የእኛው ሰዎች ናቸው። የምንበላው እኛው ተሸክመን የወሰድነውን ድንች ነው፤ የምናወራው የእንጅባራን ወሬ ነው፣ ያውም በአገውኛ። ያን ሁሉ አገር አቋርጬ ከመንደሬ የማልወጣበትን መንገድ የነደፍኩ የመጀመሪያው የጂኦግራፊ መምህር ሳልሆን አልቀርም። ከፍታዎቹን ግን አልሰረዝኳቸውም።

ባለቤቴ ደብተሩን ያየችው ማክሰኞ ከሰዓት፣ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ነው። ገጹን በጣቷ እየተከተለች ወረደች። ጣቷ አዳማ ላይ ቆመ።

«ግመሉስ?»

«ቀኑ አልበቃም» አልኳት። ጣቷን ከአዳማ ሳታነሣ ስትቀር፣ «አዳማ ገበያ ላይ አልፎ አልፎ ይመጣል ይባላል» ብዬ ጨመርኩ። ማን እንደሚለው አላውቅም፤ ያን ዕለት ያልኩት እኔ ነኝ።

«ይቅር» አለች። አልተቆጣችም። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ አሳለፈችና መኪናዋን መርገጥ ጀመረች።

ብትጮህብኝ መልስ ነበረኝ። አባትሽ፣ ዘመዶችሽ፣ በጎቹ እያልኩ አንድ ሰዓት እከራከር ነበር። ለ«ይቅር» ግን ምንም አላዘጋጀሁም። አፈርኩ። እውነቱን ልናገርና፣ አማቼ «እዚያ ማን አላችሁ?» ሲሉኝ ውስጤን ደስ ብሎት ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የአባቴን ስም በማያውቅ ሰው ቤት አድሬ አላውቅም። ባሕር ዳር ስማር እንኳ የኖርኩት አክስቴ ቤት ነው። የአገሩን ተራራ ሁሉ ቁመት በሜትር የማውቅ ሰው፣ ማንም በማያውቀኝ ከተማ የሆቴል ቁልፍ መቀበል ያስፈራኝ ነበር። እና ዘመዶቿን እንደ አጥር ፊቴ ደረደርኳቸው። እሷ ይህን ካወቀች ቆይታለች መሰለኝ፤ ከስፌቷ ቀና ሳትል፣ «አባባ አልከለከሉንም፤ ጠየቁህ እንጂ» አለችኝ።

በማግስቱ ዳንግላ ተመለስን። በሚኒባስ ውስጥ የምለውን አጠናሁ። «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፣ በዚህ ጉዞ ዘመድ ቤት አንገባም።» ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ያዩ አንዲት እናት፣ «ዳዊት እየደገምክ ነው ልጄ? ለእኔም ጸልይልኝ» አሉኝ። «እሺ እናቴ» አልኳቸው። ያን ያህል ፈርቻለሁ።

አማቼ ፈረሱን ያሻሹ ነበር። ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«አባባ፣ አዋሽ ከባሕር ጠለል አንጻር ሲታይ፣ ከእኛ አገር በጣም ዝቅ ያለ ነው።»

«ይሁንለት» አሉ።

ባለቤቴ ጠበቀችኝ፣ ጠበቀችኝና እኔን አልፋ ፊታቸው ቆመች።

«አባባ፣ ዘመዶቹን ሌላ ጊዜ እንጠይቃቸዋለን። አሁን በቀጥታ አዋሽ ነው የምንሄደው። ግመል ባገሩ ማየት እፈልጋለሁ።»

«እዚያ ማን አለሽ?»

«ማንም የለኝም። ስንደርስ እኛ አለን።»

እጃቸው ፈረሱ ጀርባ ላይ ቆመ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። አማቼ መደቡ ላይ ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ጋሪ ሳልይዝ በፊት፣ ጎረምሳ ሆኜ፣ አሰብ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ረዳት ይፈልግ ነበር» አሉ። «ና አለኝ፤ ባሕር ታያለህ አለኝ። ለአባቴ ነገርኩት። 'እዚያ ማን አለህ?' አለኝ። ማንም አልኩት። 'እንግዲያ ምን ልታደርግ ትሄዳለህ?' ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ። መኪናው ሄደ። እኔም ጋሪ ያዝኩ።»

እዚያ ቤት ስገባ ስወጣ ይህን ሁሉ ዓመት፣ ይህን ነገር ሲያነሡት ሰምቼ አላውቅም። ባለቤቴም አልሰማችም፤ አባቷን ዛሬ ገና እንዳየቻቸው ሁሉ ታያቸው ነበር።

«በጎቹስ?» አልኩ።

አማቼ ስልካቸውን አወጡ። ዘመድ እንዳይቀየም ጉዞው የቀረው በእኔ ሕመም ምክንያት እንዲሆን ወሰኑ፤ እኔን የጠየቀኝ የለም። ለፍኖተ ሰላም «መምህሩን ትንሽ አሞታል» አሉ። ማርቆስ ላይ ሆዴን አመመኝ። አዲስ አበባ ላይ ሳንባዬም ተጨመረ። አዳማ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እንግዲህ እግዚአብሔር ያውቃል» ሲሉ እኔ ራሴ ደነገጥኩ። እስክንሄድ ድረስ የሚደውልልኝን ሁሉ እየሳልኩ አመሰገንኩ። አውቶቡሱ ማርቆስን ሲያልፍ በመስኮት እንዳልታይ ጋቢ ተከናንቤ ነበር፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው የእውነት የታመምኩ መስሎት ሎሚ ሰጠኝ።

ግመሉን አየችው። አዋሽ ልንገባ ስንል ከመንገዱ በስተግራ ግመሎች ተከታትለው ይሄዱ ነበር። መኪናው አልቆመላትም፤ አንገቷ እስኪያማት ዞራ አየቻቸው። «ከሥዕሉ ይረዝማል» አለችና እጄን ያዘች። ስለ ሆቴሉ ብዙ ባልናገር ይሻላል፤ በሩን በወንበር ደግፌ ነው የተኛሁት።

ከጉዞው ሁሉ በላይ ልቤ ውስጥ የቀረው ግን ያ የዳንግላ ከሰዓት ነው። አማቼ የመጨረሻውን ስልክ ዘግተው፣ ቆመን መርቀውን፣ ልንወጣ ስንል ልጃቸውን መልሰው ጠሯት።

«እስቲ ያን ያልሽኝን ድገሚልኝ።»

«የቱን አባባ?»

«እዚያ ማን አለሽ ስልሽ ያልሽውን።»

«ስንደርስ እኛ አለን።»

አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ፊታቸውን ከእኛ አዙረው፣ ከአባታቸው ጋር ይነጋገሩበት በነበረው በአገውኛ፣ ቀስ ብለው፣ «አባባ፣ ስደርስ እኔ አለሁ» አሉ።