አማቴ ብሉዝ ሲነፉ

አማቴ መጋረጃ ሰፊ ናቸው። ሃርሞኒካ እንደሚነፉ ያወቅሁት ልጃቸውን ካገባሁ በኋላ ነው፤ ያውም በስንት ጊዜው። ሃርሞኒካዋ የሟቹ ባለቤታቸው ነበረች። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ አማቴ በሚሠሩበት ስፌት ቤት በምሳ ሰዓት፣ ሌሎቹ ሰፊዎች ሲወጡ፣ ከጨርቅ ጥቅሎቹ መሀል ተቀምጠው ከሬዲዮ የሰሙትን ብሉዝ ይለማመዱባት ጀመር። ከግድግዳው ወዲያ የአለቃቸው ቢሮ ስለሆነ አጩኸው ነፍተው አያውቁም።

እኔ በአንድ የብሉዝ ባንድ ውስጥ ጊታር ተጫዋች ነኝ። የባንዳችን ሃርሞኒካ ነፊ “ነጎድጓድ” ይባላል፤ ቅጽል ስሙን ያወጣንለት በከንቱ አይደለም። አንድ እሁድ ከሰዓት በሰፈራችን ክበብ አዳራሽ ልንጫወት ቀጠሮ ይዘን፣ ለካ ሰውዬው በዋዜማው ጥርሱን አስነቅሏል። ጉንጩ አብጦ፣ እንኳን ሊነፋ ውሃ መጎንጨት አቅቶታል።

“እማዬን ውሰዳት” አለችኝ ባለቤቴ።

“እሳቸውን? የአዳራሹን ጫጫታ አታውቂውም።”

“አንተ እሷን አታውቃትም።”

አማቴ ነገሩን ሲሰሙ መርፌውን ከከንፈራቸው አውጥተው “ዘፈኖቹን አውቃቸዋለሁ። ብቻ ወንበር ይኑረኝ” አሉ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ዘፋኛችን የመጀመሪያውን ስንኝ ጨረሰች፤ አማቴ ዝም። ሁለተኛውን ጨረሰች፤ ሃርሞኒካዋን በመዳፋቸው ሸፍነው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። “አለቀልኝ፤ አሁን ምን ብዬ ቤት እገባለሁ” አልኩ በሆዴ። በሦስተኛው ስንኝ መጨረሻ፣ ዘፋኟ ትንፋሽ ስትስብ፣ እሳቸው ትንፋሻቸውን በሃርሞኒካዋ ወደ ውስጥ ስበው አንዲት ድምፅ አወጡ። አንዲት ብቻ። ቀጥ ብላ ጀመረች፣ ቀስ እያለች ጎበጠች፣ ሰው እንደሚውጠው ሲቃ ወረደች፤ መዳፋቸውን ከፈት ሲያደርጉ ደግሞ ወጣች።

ያ ሲንጫጫ የነበረ ሰው ሁሉ ወደ መድረኩ ዞረ። ከዚያ ወዲያ ማንም ሊያቆመን አልቻለም። የዘፋኟ ፊት በራ፤ ከበሮ መቺው ምቱን ዝቅ አደረገ፤ እኔም ጣቶቼን ከወትሮው ሩጫ ገታሁ። እሳቸው ክፍተት ሲያገኙ ብቻ ይገባሉ፣ ሳይቆዩ ይወጣሉ። ሕዝቡ ግን ቀጣዩን አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል።

በመጨረሻው ዘፈን መሀል ሃርሞኒካዋ ታነቀች። ከውስጧ ካሉት የናስ ምላሶች አንዱ ተሰብሯል፤ ያውም ዜማው የሚያርፍባት የዋናዋ ድምፅ። ጭናቸው ላይ መታ መታ አደረጓት፤ እምቢ አለች። እሳቸው ግን ጎረቤቷን ድምፅ በትንፋሻቸው እያጎበጡ ወደጠፋችው ያስጠጓታል፣ ልትደርስ ስትል ይተዉዋታል። የጎደለችውን ሕዝቡ ራሱ እያንጎራጎረ ይሞላት ጀመር፤ መጀመሪያ ከፊት ያሉት፣ ቀጥሎ አዳራሹ በሙሉ።

ስንጨርስ ጭብጨባው ጣሪያ ሊነቅል ደረሰ። እሳቸው ቀሚሳቸውን አስተካክለው “ወንበሩ ትንሽ ይወዛወዛል” አሉኝ።

ነጎድጓድ ለካ ጉንጩን በሻርፕ አስሮ ከኋላ ቆሞ ሲሰማ ኖሯል። እየተጋፋ መጣ።

“እማማ፣ ያችን ድምፅ እንዴት ነው ያጎበጧት?”

“እብጠትህ ይጉደልና ቤት ና፣ አሳይሃለሁ። በሩን ግን ቀስ ብለህ አንኳኳ።”

አሁን ሁለቱም ከእኛ ጋር ይጫወታሉ። ነጎድጓድ ዛሬም መጮህ ይወዳል፤ አማቴ በክርናቸው ጎሸም ሲያደርጉት ግን ዝም ይላል፣ ያኔ ዘፈኑ ነፍስ ይዘራል።