የሰጪው ስም

አዳዳ ድርቤ፣ የአባቴ እህት፣ ጉቴ ውስጥ ጓሮዋ ያልተቀናበት ዓመት የለም። ዘር ካገኘች ለጎረቤት ሳታካፍል አታድርም። በሰፈራችን ታዲያ ዘር የተቀበለ ሰው የሰጪውን ስም አይጠራም፤ ከጠራ አይበቅልም ይባላል። እኔ ይህን ልማድ ስሰማ ደሜ ይፈላል!

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ አዲሱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ተካ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር እፍኝ ዘር አመጣላት። "የከብት መድኃኒት ነው፤ ሲደርስ ቅጠሉን እወስዳለሁ" አላት። ዘራች፤ እንደ ልማዷም ለጎረቤቷ ለሞረዳ አካፈለች። ሲደርስ ተካ መጣና ቀይ ሻሽ ዘረጋላት። "ፖሊስ እንዳያይሽ፤ ሐሺሽ እኮ ነው" ብሎ ሳቀ። ጥርሱ ይርገፍ! አዳዳ ሻሹን አየች፣ አማራት፣ ቅጠሉን አስለቀመችው። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!

በማግስቱ ፍርሃት ያዛትና የራሷን ነቅላ አቃጠለች። ለሞረዳ ግን አልነገረችውም። አፈረች። ዛሬ ነገ ስትል ወራት አለፉ።

የሞረዳ ወንድም ባቻ ሸማኔ ነበር። ከተካ ጋር እየዋለ ከወንድሙ ጓሮ ቅጠል እየቀጠፈ ማጨስ ለመደ። መጀመሪያ ሥራውን ተወ፤ ቀጥሎ ሚስቱን መደብደብ ጀመረ። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ "እባብ ገብቶበታል" እያለ የገዛ ጎተራውን አቃጠለ። የልጆቹ የዓመት ቀለብ! ፖሊስ መጣ፤ ተክሉን ሞረዳ ጓሮ አገኘና ሞረዳን አስሮ ነቀምቴ ወሰደው። ተካ እንደሆነ በዚያው ጠፋ።

"ዘሩን ማን ሰጠህ?" ቢሉት ሞረዳ ዝም። ልማዱ አፉን ዘጋው።

አባቴ እህቱን ለመናት። "ያንቺ ጓሮ ባዶ ነው። ማን ያውቃል? ዝም በይ።"

"ዋቃ ከላይ እያየ?" አለችው።

ፍርድ ቤት ገብታ "ጌታዬ፣ ዘሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ" አለች።

ዳኛው ቀና አሉ። "ሐሺሽ መሆኑን ታውቂ ነበር?"

አላውቅም ብትል ቤቷ ልትገባ ነው። ከኋላዋ ቆሜ "አላውቅም በይ፣ በሞቴ አላውቅም በይ" እላለሁ በሆዴ።

"ስሰጠው አላውቅም ነበር" አለች። እፎይ አልኩ። እሷ ግን ሻሹን ከራሷ ፈትታ ዳኛው ፊት አስቀመጠችው። "ካወቅሁ በኋላ ቅጠሉን ሸጥኩ፤ ዋጋው ይኸው። የእኔን ነቅዬ የእሱን ዝም አልኩ። ሞረዳ ምንም አያውቅም።"

ስድስት ወር ተፈረደባት። ሞረዳ ተለቀቀ።

በተፈታች ቀን ሞረዳ ወህኒ ቤቱ በር ላይ ጠበቃት። "አካም ጂርቱ፣ አዴ?" ብሎ በአክብሮት ሰላም አላትና እፍኝ ዘር ዘረጋላት። አዳዳ ደንግጣ እጇን ሰበሰበች።

"የጎመን ዘር ነው" አላት። ከዚያ መንገደኛው ሁሉ እስኪሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "የሰጠኝም ጎረቤታችን ዋጋሪ ነው!"

አዳዳ እያለቀሰች በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ጎመኑም በቀለ፤ እኔ ራሴ በልቼዋለሁ።