የመሪጌታ ተገኝ መዳፍ

ባለፈው ሳምንት መካነ ሰላም ውስጥ በማስተምርበት ክፍል አንዲት ተማሪ ታብሌቷን ነካ ስታደርግ «ቲንግ» አለ። መልሷ ትክክል ነው ማለት ነው። ፈገግ አለች፤ እኔ ግን አላመንኳትም። ይህን ክፉ ጥርጣሬ ያስለመዱኝ መሪጌታ ተገኝ ናቸው።

በከላላ መንገድ ባለው የገጠር ትምህርት ቤታችን ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ጥቂት ታብሌቶችና አንዲት ትንሽ ሳጥን መጡልን። ሳጥኗ ቆርቆሮው ላይ ከተሰቀለው ሶላር እየተሞላች ያለ ኢንተርኔት ትምህርቱን ለታብሌቶቹ ታድላለች። አንዱን ታብሌት ለአምስት እንሻማው ነበር። የጎማ ልባሱ አዲስ ጫማ አዲስ ጫማ ይሸታል።

አገሩ ግን አላመነውም። «ርካሽ ነው አሉ፤ ርካሽ ነገር ምን ያስተምራል?» ይባል ነበር። አባቴ ቄስ ናቸው፤ እሳቸውም ሰጉ። ነገሩ ጨዋታ ከሆነ ከትምህርት ቤት ሊያስቀሩኝ ቆርጠው፣ አይተው እንዲፈርዱ መሪጌታ ተገኝን ለመኗቸው። መሪጌታ የደብራችን የዜማ መምህር ነበሩ፤ ዋሹ ተብለው አያውቁም።

ሰኞ ጥምጥማቸውን አሳምረው ክፍላችን ገቡና ከኋላ ተቀመጡ። ጋቢያቸው ብራና ይሸታል። ሳምንቱን ሙሉ ከዚያው ሆነው አዩን። ሊያስባርሩኝ የመጡ መስሎኝ ጠላኋቸው። የምደብቀውም ነበረኝ፤ ክፍሉን በነጥብ የምመራው አውቄ ሳይሆን «ቲንግ» እስኪል ድረስ ምርጫዎቹን ሁሉ እየነካካሁ ነበር።

ዓርብ ዕለት ከኋላዬ መጥተው የታብሌቱን መስታወት በሰፊው መዳፋቸው ከደኑት።

«ልጄ፣ መልሱ ምን ነበር?»

«ሁለት ሦስተኛ።»

«ለምን?»

ጣቴን ወደ ምርጫዎቹ ሰደድኩ፤ መዳፋቸው ጋረደኝ። እሳቸው ዘንድ ተማሪ ቢሳሳት ይታረማል እንጂ ያልገባውን ዘሎ አያልፍም። እኔ ስንቱን ዘልዬ ነበር።

«ዕቃውስ ደግ ነው» አሉ መዳፋቸውን ሳያነሱ። «ለምን ብሎ አይጠይቅም እንጂ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባቴ እኔው ባለሁበት ጠየቋቸው።

«መሪጌታ፣ እንዴት አዩት? ልጅቱ ታውቃለች?»

መሪጌታ አዩኝ።

«ታውቃለች፤ ትማር» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው «አብሽሪ» አሉኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ደስታዬ አልቆየም። ምን አስበው ነው የዋሹልኝ? ነገ ዓይን ዓይኔን እያዩ ሊጠይቁኝ ይሆን? ሰኞ እየፈራሁ ጠበቅኳቸው፤ አልመጡም። ታብሌቱን ለጓደኞቼ ትቼ ሁለት ሦስተኛ ለምን እንደሆነ ደብተሬ ላይ መሥራት ጀመርኩ። እየሰረዝኩ፣ እየደለዝኩ ሦስት ገጽ ፈጀሁ።

መሪጌታ ካረፉ ቆይተዋል። አባቴ እስካሁን ለእንግዳ ሁሉ «መሪጌታ እንኳ ታውቃለች ብለው የመሰከሩላት ልጅ ናት» ይላሉ። አንድም ቀን አላረምኳቸውም። መሪጌታ ለእኔ ሲሉ አንዴ ዋሹ፤ ያችን ውሸት እውነት ለማድረግ ይኸው እስከ ዛሬ እማራለሁ።